ጋቢ የለበሱ ኮኮች

ጸዳለ ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ ከማንም ጋር ከመነጋገሯ በፊት የኮክ ችግኞቿን ግንድ በአውራ ጣቷ ትዳብሳለች። ከላይ እስከ ታች፣ ከዚያም ዙሪያውን። ስድስት ናቸው፤ አንድ ቢጎድል ጓሮው የእሷ አይሆንም።

ይህ የሆነው በ1974 ዓ.ም. ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ሐሙሲት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው መንደሯ የመሬት ሽግሽግ ይመጣል ተባለ። የገበሬ ማህበሩ ሊቀ መንበር ካሳሁን ሕዝቡን ሰብስቦ፣ «ስድስት የጸደቀ የፍሬ ዛፍ ያለው ጓሮ ነው፤ አይነካም። ከዚያ ያነሰው ማሳ ነው፤ ለክፍፍል ገመድ ይጣልበታል» አለ። ጸዳለ ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆኗታል። እርሻዋን የሚያርስላት እኩል ይወስዳል። ዓመቱን የሚያደርሳት የጓሮዋ ድንችና ጌሾ ነበር።

ከተማ ወርዳ ከችግኝ ጣቢያው ሰባት የኮክ ችግኝ አመጣች። ሠራተኛው በደንብ መክሯት ነበር፦ ኮክ በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ያን ጊዜ የከሰዓት ፀሐይ ለጋውን ልጥ ይሰነጥቀዋል። ጥንቸልም ልጡን ትወዳለች፤ ዙሪያውን ከላጠችው ዛፉ አለቀለት። ስለዚህ የላም አዛባና አመድ ከነጭ አፈር ጋር ለውሳ ግንዱን ትለቅልቅ፤ በላዩ ላይ ጨርቅ ላላ አድርጋ ትጠምጥም። ሌላ ጨርቅ ስላልነበራት የባሏን ጋቢ ቀደደች።

ጎረቤቷ ፈንታነሽ በአጥሩ በኩል አይታ ሳቀች።

«እቴ ጸዳለ፣ ሙሽሮችሽን አለበስሻቸው? እኔን እንኳ በዚህ ብርድ ማን ጋቢ ሰጠኝ!»

«አንቺን ጥንቸል አትበላሽም።»

«ጥንቸልስ ምኔን ትበላለች! አጥንት ነኝ።»

ሳቁ ግን ከአጥሩ አልፎ ወሬ ሆነ። በዚያ አገር ግንዱ የተቀባና ጨርቅ የታሰረበት ዛፍ አድባር ነው። ጸዳለ አድባር ተከለች፣ ቅቤም ትቀባለች ተባለ። ቅቤው ደግሞ ውሸት አልነበረም፤ የሚያስጨንቃትም ይኸው ነበር።

የንስሐ አባቷ አባ ገብረየሱስ በዐቢይ ጾም መግቢያ ቤቷ መጥተው በክርስትና ስሟ ጠሯት።

«ወለተ ሰንበት፣ ዛፍ ቅቤ ቀብተሻል ወይ?»

«ለአንዱ ቀብቻለሁ፣ አባቴ። ሳልጠቀልለው ፀሐይ ሰነጣጠቀብኝ። እንደ ሕፃን ተረከዝ ይለሰልስልኝ ብዬ ነው።»

«ስትቀቢ ምን አልሽ?»

«አይዞህ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አላልሁም።»

«ከዚያስ?»

«ቅቤው አይጦች ጠራበት። ልጡን ዙሪያውን በልተው ጨረሱት። ደረቀ።»

አባ ገብረየሱስ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። «አይጥ የሚበላው አድባር እስከ ዛሬ አልሰማሁም» አሉና ባረኳት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላም ይህንኑ ለሕዝቡ ተናገሩላት።

ጸዳለ እፎይ ያለችው እስከ ማክሰኞ ብቻ ነው። የቄሱ ንግግር ካሳሁን ጆሮ ደርሶ ኖሮ፣ ጓሮዋ መጥቶ ቆመ። ከሟች ባሏ ጋር አብሮ ሲያርስ ያደገ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ዓይን ዓይኗን አላየም።

«እቴ ጸዳለ፣ ነገሩ ቤተ ክርስቲያን ደርሷል። ዛፍ ሊቆጥሩ ከወረዳ የሚመጡት ሰዎች ይህን ካዩ፣ አድባር ይመለካል ብለው እኔን ነው የሚጠይቁኝ። ጨርቁም ቅቡም ይነሳ።»

«መቼ ነው የሚመጡት?»

«በዐሥረኛው ቀን።»

«ዐሥር ቀን ራቁታቸውን? ካሳሁን፣ የመጋቢት ፀሐይ እኮ ነው! አንዱ ቢሞትስ?»

«ይነሳ አልሁ እንጂ ይሙት አልሁ?»

ፈታቻቸው። ልቅላቂውንም በውሃ አጠበች። በምዕራብ በኩል ሰሌን በእንጨት አቁማ የከሰዓቱን ፀሐይ ጋረደች፤ ሰሌኑ ግን የደረሰው ለሦስቱ ነበርና ለቀሩት ሰፌድና ያረጀ ጆንያ አቆመች። ዙሪያቸውን እሾህ ከመረች። ነፋስ ጆንያውን በጣለ ቁጥር ምጣድ ላይ ያለውን ትታ ትሮጥ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት አውራ ጣቷ አምስተኛው ግንድ ላይ እርጥብ ነገር ነካ። ጥንቸል በእሾሁ ሥር ሾልካ ገብታለች። ልጡ በአንድ ስንዝር ቁመት ተገዝግዞ ነጩ እንጨት ወጥቷል። ጸዳለ ተንበርክካ ዙሪያውን ለካች። በምሥራቅ በኩል የሁለት ጣት ስፋት ያህል ልጥ ቀርቷል። ሥሩን የሚያኖረው ምግብ በዚያች ጠባብ መንገድ መውረድ አለበት። ቁስሉን በአዛባ ትሸፍነው? ካሳሁን ቅብ ካየ? አዛባ በእጇ ዘገነች፤ ከዚያ መልሳ መሬት ላይ ጣለችው።

በዐሥረኛው ቀን ከወረዳ ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ መዝገብ፣ አንዱ ገመድ ይዟል። ካሳሁን ከፊት ሆኖ እያንዳንዱን ግንድ በጥፍሩ ይፍቃል፤ ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ ሕያው ነው። «አንድ» አለ። «ሁለት። ሦስት። አራት።»

አምስተኛው ጋ ደረሰ። ሰዎቹ ወደ ኋላ ቀርተው ስለ ምሳ ይነጋገራሉ። ጸዳለ ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች። ካሳሁን በምሥራቅ በኩል ፋቀ፤ አረንጓዴ ነበር። እጁን ሊያነሳ ሲል ግን ጣቶቹ ወደ ማዶው ዞሩ፤ እዚያው ቆሙ። የተገዘገዘውን በዝግታ ዳበሰ፣ ልክ እሷ ጠዋት ጠዋት እንደምትዳብሰው። ከዚያ በዐሥር ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ዓይኗን አየ።

«አምስት» አለ ጮክ ብሎ። ስድስተኛውን ፋቀ። «ስድስት። ጓሮ ነው።»

ባለ መዝገቡ ጻፈ፤ ባለ ገመዱም ገመዱን እንደጠቀለለ ወደ ፈንታነሽ አጥር አለፈ። ካሳሁን ጥቂት ወደ ኋላ ቀረና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጨርቁ አለ?»

«አለ።»

«ዛሬውኑ መልሺው፣ እቴ ጸዳለ። በአዛባ አጥብቀሽ ለብጪው። ሰው ከጠየቀሽ ካሳሁን ነው ያዘዘኝ በዪ።»

ሄደ። ጸዳለ ቀድሞውኑ አዛባው ውስጥ እጇን እስከ ክንዷ ነክራ ነበር።