ነፋሱ ስሌቱ ውስጥ ገብቷል

የጎልፍ ውድድሩ እኛ አገር ስኮትላንድ በገባ ሰሞን፣ ጨዋታ ሳያይ የሚውል አንድ ሰውዬ ከኤልስፔት የሻይ ድንኳን ደጅ አይጠፋም ነበር። ጆሮዎቹ እንደ ስኒ ጆሮ ከቆቡ ሥር ወጣ ወጣ ብለዋል። ኮምፒውተሩን በፌስታል ጠቅልሎ እሱን ዝናብ ይመታዋል። የተጫዋቾቹን የቀድሞ ውጤት እየደማመረ ማን ስንት በመቶ የማሸነፍ ዕድል እንዳለው ያሰላል። ኳስ ስታ ደጋፊው ነፋሱን ሲረግም፣ ቀና እንኳን ሳይል «ነፋሱ ስሌቱ ውስጥ ገብቷል» ይላል።

«እስቲ ጠንቋዩ» አለችው ኤልስፔት፣ «ባሌ ዛሬ ሰክሮ ነው የሚመጣው ወይስ በደህናው?»

«ያለፈውን ዓመት ውጤቱን አምጪልኝና አሰላልሻለሁ።»

ከሰዓት በኋላ አንድ ቀጭን ወጣት ተጫዋች ብቅ ሲል፣ ሰውዬው ኮምፒውተሩን ከድኖ ተነሳ።

«ይሄኛውስ ስንት በመቶ ነው?»

«እሱን አላስገባሁትም።»

«ምነው?»

«ማወቅ አልፈልግም።»

ወጣቱ ለመምታት ሲዘጋጅ ቆቡን አስተካከለ። እነዚያው የስኒ ጆሮዎች። መታ፤ ኳሷም ተጣማ ሄዳ እሾሃሙ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። ኳሷ የምትገባበት ጉድጓድ ላይ የተተከለው ባንዲራ እንጨቱ ላይ ተለጥፎ ንቅንቅ አይልም።

«ይሄ የተረገመ ነፋስ» አለ ሰውዬው።

ኤልስፔት ባንዲራውን አየች፣ የሁለቱንም ጆሮዎች አየች። ከዚያ የድንኳኗን ምሰሶ በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ያዘች።

«ዛሬስ ብሶበታል» አለችው።