«በቅርቡ» የሚሉት ትንበያ

ከመንደራችን የወጣን ሌሊት ታናሽ እህቴ ይታይሽ መርገም ጎጆ ውስጥ ነበረች። በእኛ በቤተ እስራኤሎች ወግ ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ ለብቻዋ የምትቀመጥበት ጎጆ ነው። አባቴ ከውጭ ቆሞ «ስትነጺ ከአጎትሽ ጋር ትከተይናለሽ» አላት። እያለቀስኩ በጨለማው እጄን አወዛወዝኩላት፤ ትየኝ አትየኝ እንጃ። እኛ እንዳለፍን መንገዱ በጦርነት ተዘጋ።

እኔ እዚህ እስራኤል አገር፣ ፔታ ቲክቫ ከተማ ወልጄ አሳደግኩ። እሷ ጎንደር ከተማ በኪራይ ክፍል ወደዚህ የምትመጣበትን ተራ ስትጠብቅ ጠጉሯ ሸበተ። ሟች ባሏ የጀመረው ቤት አለ፤ ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያ የለውም። ቆርቆሮ ላልብሰው ባለች ቁጥር «ተይ፣ በቅርቡ ትመጪ የለም ወይ? ለማን ብለሽ?» የምላት እኔ ነኝ። «በቅርቡ»ን ከራሴ አላመጣሁትም፤ ፋይሏ ያለበት የመንግሥት ቢሮ የሚሉኝን ነው የማቀብላት።

ሰሞኑን ልጄን ሽራን ይዤ እዚያው ቢሮ ሄድኩ። ሽራ ኪርያት አርዬ በሚባለው የሥራ ሰፈር በኮምፒውተር የአየር ጠባይ ትንበያ ትሠራለች።

«ግቬሬት፣ እመቤት፣ መቼ እንደምትመጣ ማን ያውቃል?» አለችኝ ጸሐፊዋ። «እንደ አየር ጠባይ ነው። በቅርቡ ይሆናል። ሳቭላኑት፣ ትዕግሥት!»

ሽራ ቀደመችኝ። «አየር ጠባይማ የኔ ሥራ ነው። መነሻው ላይ ጥቂት ነፋስ ከተሳሳተ ከሁለት ሳምንት ወዲያ ያለው ትንበያ ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ ከዚያ ወዲያ 'አናውቅም' እንላለን። እናንተ ሳታውቁ 'በቅርቡ' ትላላችሁ።»

«በሰደር፣ በሰደር፣ እሺ» አለች ጸሐፊዋ። «ያላ፣ የሚቀጥለው!»

ባቡር ውስጥ ሽራ ይህ ነገር የትርምስ ንድፈ ሐሳብ እንደሚባል ነገረችኝ፤ ኢምንት ነገር መነሻው ላይ ሲለወጥ መጨረሻው ሌላ ይሆናል።

«ታዲያ አክስትሽ የዚያን ጊዜ ደሟ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ?»

«ኢማ፣ እዚህ አጠገባችን ትቀመጥ ነበር።»

ደሙም ነፋሱም የእግዜር ነው እሺ፤ ፋይሏን ዘግቶ የሚያስቀምጠው እጅ ግን የሰው ነው! በሰው እጅ የተሠራውን በደል በደመና ያሳብባሉ!

ቤት ገብቼ ደወልኩላት። እዚህ በበጋው ሰማይ ጠብታ የለም፣ ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። እዚያ ክረምቱ ሊገባ ነው።

«ይታይሽ፣ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሺው» አልኳት።

«እታለም፣ አልመጣም ማለት ነው?»

«መቼ እንደምትመጪ አላውቅም፣ እህቴ። ክረምቱ ግን ይመጣል። አልብሺው።»