የደበቀኝ ቋጠሮ

ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ ነው፤ ቀን መርካቶ ጭነት ስሸከም እየዋልኩ፣ ከሥራ መልስ እየተማርኩ። ከጎኔ የሚቀመጠው የሸክም ጓደኛዬ ቀድሞኝ ስለገባው ጣቴን ይዞ ሀሁ አስጽፎኛል። እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ልጠርጥር?

ድሪም ካቸር መሥራት ያስተማረኝም እሱ ነው። የሽቦ ቀለበት ነው፤ ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር በክር ይሠራል፣ ከታች ላባና ዶቃ ይንጠለጠልበታል። ራስጌ ሲሰቀል ክፉ ሕልም ይይዛል ይላሉ። ዱባይ ተራ የቤት ጌጥ የምትሸጥ ሴትዮ የሱቋን ግድግዳ ለአንድ ሠሪ ብቻ ዕቃውን ሰቅሎ እንዲሸጥበት እሰጣለሁ ብላ ነበር። ከሸክም መውጫዬ እሱ ነው ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

«ለየብቻ ሠርተን እናሳያት፤ የማንም ይመረጥ፣ ቦታው የሁለታችን ነው» አለኝ።

መጀመሪያ ክሩን እንደ ጭነት ገመድ ወጥሬ ስስበው ቀለበቱ ተጣመመ። «ቀስ በላ! ሲሚንቶ የምታስር መሰለህ?» ብሎ ሳቀብኝ። እየቆየ እጄ ለመደ። የዶሮ ላባ አጥቦ ቀለም መንከሩን፣ ዶቃ መሰካቱን ቻልኩበት። ድሩ መሀል ላይ ሲያልቅ ግን ሁልጊዜ «አምጣ፣ እኔ ልጨርሰው» ይልና ጀርባውን ይሰጠኛል። እኔ ጅሉ አመሰግነው ነበር!

ለሴትዮዋ የሠራኋቸውን ብቻዬን ጨረስኩ፤ አንዴ ቋጥሬ ሰጠኋት። ብዙም ሳይቆይ አስጠራችኝ። የናይለን ክር ያንሸራትታል። የኔዎቹ ሁሉ ተፈትተው ላባው ደንበኛ ላይ ረግፏል።

«አንተ፣ ሕልም ይይዛል ያልከኝ የገዛ ዶቃውን መያዝ አቃተው እኮ!» አለችኝ። ሱቁ በሳቅ ሞላ።

የጓደኛዬ እዚያው ተሰቅሏል፣ ንቅንቅ አላለም። አውርጄ አገላብጬ አየሁት። ክሩን ሁለቴ አዙሮ ቋጥሮ ጫፉን በክብሪት አቅልጦታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ፊደል ያልሰሰተብኝ ሰው በክብሪት ሰሰተ።

ማታ ትምህርት ላይ ከጎኔ ሲቀመጥ «ለምን?» አልኩት።

«ሙያ በልብ ነው ይባል የለ፣ ወንድሜ?»

«እሱ ለባዳ ነው።»

«ቦታው ለአንድ ሰው ነዋ! አንተስ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

«እነግርህ ነበር።»

እንደ ዋሸሁ ሁሉ ሳቀብኝ።

ግድግዳው የሱ ሆነ። ሥራ ሲበዛበት «ና፣ ላባ እየሰካህ አግዘኝ» ብሎ ላከብኝ። ጠዋት አትክልት ተራ የድንች መኪና ገብቶ ነበር፤ እሱን ላራግፍ ሄድኩ።