ያላነበብኳቸው ሃያ ሦስት መጻሕፍት

የመጀመሪያው ምልክት የገዛ ጽሑፌን ማንበብ አለመቻሌ ነበር።

ዕለቱ ዓርብ ነው፤ የሂጅራው አዲስ ዓመት፣ ሙሐረም፣ ከገባ ሦስተኛው ቀን። ጅዳ፣ በኒ ማሊክ ውስጥ በተከራየኋት ክፍል ከአልጋዬ ሥር ያለውን ካርቶን ጎትቼ መጽሐፎቼን ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት ናቸው። ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው "ምን ላምጣልሽ?" ሲለኝ "መጽሐፍ" እያልኩ በአሥራ አንድ ዓመት ያጠራቀምኳቸው ናቸው። አንዱንም ከአምስተኛው ገጽ አሳልፌው አላውቅም። በየዓመቱ ሙሐረም ሲገባ "ዘንድሮ ግን" እላለሁ። የዚያን ቀንም ደብተር አወጣሁና ዕቅዴን ጻፍኩ፦ በወር ሁለት መጽሐፍ፣ ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ ዐሥር ገጽ፣ ዓርብ ዓርብ ሃያ ገጽ። ጽፌ ጨርሼ እስኪ ከላይ ልየው አልኩ።

አልተነበበኝም።

ፊደል መሆኑን አያለሁ። የእኔ እጅ ጽሑፍ መሆኑንም አውቃለሁ። የቱ ፊደል እንደሆነ ግን አላውቅም። መነጽሬን አውልቄ በሻሼ ጫፍ ጠረግኩት። ያው ነው። ካርቶኑ ላይ የታተመውን ዐረብኛ አየሁ። እሱም ያው ነው። ከጭንቅላቴ ኋላ በግራ በኩል ያመኝ ነበር፤ ጎንበስ ብዬ ስለቆየሁ ነው ብዬ ተውኩት።

እጄም እግሬም ይሠራል፣ አፌም አልተጣመመም። ስለዚህ ዓይኔን ነው አልኩ። ትልቁ ስሕተቴ እዚህ ጋ ነው። በማግሥቱ መነጽር ቤት ሄጄ አዲስ መነጽር አሠራሁ፤ ምንም አልለወጠም። ሰኞ ዕለት ዘመዴ ዘንድ መካ ሄድኩ።

እትዬ ዘይነብ የአባቴ የአጎት ልጅ ናት። አያቷ ከወሎ ለሐጅ መጥተው በዚያው የቀሩ ሰው ናቸው፤ እሷም መካ ተወልዳ መካ ሃምሳ አምስት ዓመት ሞልቷታል። አማርኛ አቀላጥፋ ትናገራለች፣ ፊደሉን ግን አትለይም። በሯ ላይ ስደርስ በቀኝ ትከሻዬ መቃኑን ገጨሁት። ውሃ ሰጠችኝ፤ ብርጭቆውን በቀኜ ስላስቀመጠችው አላየሁትም፣ ክንዴ መትቶ ጣለው።

"ፋጢ፣ ጠጥተሽ ነው እንዳልል አውቅሻለሁ" አለች እየሳቀች። ወዲያው ሳቋ ተቋረጠ። "ይሄ ስንት ነው?"

"የቱ?"

በቀኜ በኩል ጣቶቿን ዘርግታ ኖሯል። ጣቶቿስ ይቅሩ፣ እጇ መኖሩንም አላየሁም።

"ያ ረቢ! ያላ፣ ተነሺ። ሻይም የለ፣ ምንም የለ፣ ተነሺ።"

ሆስፒታል ኤምአርአይ አነሱኝ። ዶክተሩ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ስትሮክ ነው አሉ። የልቤ ምት ሥርዓት የለውም፤ አትሪያል ፊብሪሌሽን ይባላል። በዚያ ሰበብ ልቤ ውስጥ የረጋ ደም ወደ ጭንቅላቴ ሄዶ ከኋላ በግራ በኩል ያለውን የደም ሥር ዘግቶታል።

"መቼ ጀመረሽ?"

"ዓርብ።"

"ዛሬ ሰኞ ነው" አሉ። "የረጋውን የሚያሟሟ መድኃኒት የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። አሁን አልፏል።"

አምስት ቀን ተኛሁ። ደም ማቅጠኛ ጀመርኩ። ልወጣ ስል ዶክተሩ ማንበቤን ሊያዩ ፈለጉ። አማርኛ ስለማያውቁ ከጠረጴዛቸው ትንሽ የቁርኣን ሙስሐፍ አነሱ፣ ገልጠው የሱራዋን ስም ነገሩኝና አቀበሉኝ። ያቺን ሱራ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ በቃሌ አውቃታለሁ። ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ። ዓይኔን ገጹ ላይ ተክዬ አንዲት ቃል ሳልስት እስከ መጨረሻዋ ወረድኩ።

"ማሻአላህ፣ ንባብሽ ተመልሷል" አሉኝ። መዝገቤ ላይም ጻፉት።

እኔም ዝም አልኩ። ዋሽተሻል ብትሉኝ ያን ጊዜ እክዳለሁ። ምላሴ ሲሄድ ዓይኔ የሚከተለው ይመስለኝ ነበርና። ከዚያ በኋላም በየቀኑ ከሱብሒ በኋላ ሙስሐፌን ከፍቼ በቃሌ የማውቀውን እላለሁ፣ ገጽ እገልጣለሁ፣ አልሐምዱሊላህ አነበብኩ እላለሁ። ካርቶኑን ግን አልነካሁትም። ለምን እንዳልነካሁት ልቤ ያውቅ ነበር።

የምሠራው አንዲት ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እናት ቤት ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ማማ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ምግባቸውን እሠራለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፤ መድኃኒት ማንበብ የማትችል ሠራተኛ ምን ትሠራለች? ስለዚህ ለማንም አልነገርኩም። የስኳራቸው ኪኒን ካርቶን አረንጓዴ፣ የደም ግፊታቸው ቀይ ነው። በቀለም እሄድ ነበር። አርባ ቀን እንዲህ ሄድኩ።

ከዚያ ፋርማሲው የሌላ ፋብሪካ መድኃኒት ላከ። ሁለቱም ካርቶን ነጭ ነው። ሁለቱም ላይ ሰማያዊ መስመር አለ።

ቆሜ አየኋቸው። የማማን ልጅ ሐናንን መጠየቅ እችል ነበር፤ እላይ ቤት ነበረች። አልጠየቅኩም። ይሄ ይሆናል አልኩ። አንዱን ከቁርስ በፊት ሰጠሁ። ሌላውን ከቁርስ በኋላ ሰጠሁ። ሌላው ሌላ አልነበረም። ሁለት ጊዜ ያነሳሁት ከአንዱ ካርቶን ነው።

ከዙሁር ሶላት በፊት፣ ቀትር ሳይደርስ፣ ማማ አላባቸው። ልብሳቸው ራሰ። በሞተች እህታቸው ስም ጠሩኝ። ከዚያ መጥራታቸውን ተዉ። ዓይናቸው ተከፍቶ አያየኝም። ጮህኩ። ሐናን ወረደች። አምቡላንስ መጣ። ስኳራቸው ወርዷል አሉ። ወሰዷቸው።

"ምን ሰጠሻት?" አለችኝ ሐናን።

"እንደ ወትሮው።"

ሐናን ፋርማሲ ሄዳ ባለሙያውን ሰው ፊት አዋረደችው፤ የተሳሳተ መድኃኒት ላክህ አለችው። ይህንን ቤት ሆኜ ሰማሁ። ዝም አልኩ። ሰገድኩ፣ ዝም አልኩ። ሦስት ቀን።

በአራተኛው ቀን መካ ሄጄ ማማ የደረሰባቸውን እያለቀስኩ ለእትዬ ዘይነብ ነገርኳት። ማልቀሴን አልሰማችም። የራሷን የግፊት መድኃኒት ካርቶን ፊቴ ላይ ያዘችው።

"አንብቢ።"

"እትዬ፣ ዛሬ ተይኝ።"

"አንብቢ አልኩሽ!"

"አልችልም" አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። "ከዚያች ዓርብ ጀምሮ አንዲት ፊደል አንብቤ አላውቅም።"

ካርቶኑን ዝቅ አደረገችው። ከዚያ "በመጀመሪያ ለማማ ትናገሪያለሽ። ከዚያ ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ቅደም ተከተሉን እንዳታዛንፊ" አለችኝ።

ማማ በስድስተኛው ቀን ከሆስፒታል ወጡ። ሐናን ባለችበት ነገርኳቸው። ሐናን የተናገረችኝን አልጽፈውም፣ ይገባኝ ነበር። ማማ ግን "ያን የፋርማሲ ልጅ በየሶላቱ ስረግመው ነበር" አሉ። "አሁን ሄደሽ አውፍ በለኝ በይው። ለእኔም ለአንቺም።" ሄድኩ፤ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና "አላህ ይማርሽ" ብሎ ወደ ሥራው ዞረ። ማማ አላባረሩኝም። መድኃኒቱን ግን ሐናን ወሰደችው፣ ዛሬም እሷ ናት የምትሰጠው። ማማ ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኩዝ አይራመዱም።

ሐኪም ቤት ወደ ንግግርና ንባብ ሕክምና ክፍል ላኩኝ። ባለሙያዋ ግብፃዊት ወጣት ናት። መዝገቤን አይታ ሙስሐፍ አልሰጠችኝም። "ስምሽን ጻፊ" አለችኝ፤ ጻፍኩ። ወረቀቱን ወሰደች፣ ሦስት ሌሎች ስሞች ከላይና ከታች ጨመረችበትና መለሰችልኝ። "ስምሽ የቱ ነው?" አላገኘሁትም።

ከዚያ አስረዳችኝ። በሽታው አሌክሲያ ይባላል። መጻፊያዬ አልተነካም፣ ከዓይኔ ወደ ማንበቢያው የሚወስደው መንገድ ነው የተቆረጠው። ከሁለቱም ዓይኖቼ የቀኙ ግማሽ ዕይታ መጥፋቱ ሄሚያኖፒያ ነው። "ዕይታው ላይመለስ ይችላል። ንባቡን ግን ከፊደል ጀምረን በሌላ መንገድ ልናመጣው እንሞክራለን። ቃል አልገባልሽም።" ቀጥላም ጠየቀችኝ፦ "በራስሽ ቋንቋ የተጻፈ፣ ፈጽሞ አንብበሽው የማታውቂው ነገር አለሽ? የምታውቂውን ከሰጠሁሽ አፍሽ ይቀድምሻል።"

እትዬ ዘይነብ ቀደመችኝ። "ሃያ ሦስት መጽሐፍ አላት ዶክተራ! አንዱንም አልነካችውም። ስንት ዓመት ስቄባታለሁ።"

ባለሙያዋ ሳቀች። "የሚያሳፍር ክምር መስሎሽ ነበር? ለአንቺ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለኝም።"

ዕቅዴንም እሷ አወጣችልኝ፤ በመጽሐፍ ቁጥር አልነበረም። የመጀመሪያው ሳምንት ግብ በቀን አንድ መስመር ነው። እያንዳንዱን ፊደል በጣቴ መዳፌ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ዓይኔ ያልለየውን እጄ ይለየዋል። በመስመሩ ቀኝ ጫፍ ቀይ ካርድ አቆማለሁ፤ ዓይኔ ካርዱን እስኪያገኝ መስመሩ አላለቀም። ዐሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ዕረፍት። ደግሞም የሚሰማኝ ሰው ያስፈልጋል።

ከካርቶኑ ውስጥ ቀጭኑን መረጥኩ፤ ስድሳ አራት ገጽ ነው፣ ስለ ንብ ርባታ። አንድ ቀን አገሬ ገብቼ ቀፎ እሰቅላለሁ ብዬ ያስመጣሁት ነው። ለሳምንቱ ዕረፍቴ መካ እሄድና ከቀትር በኋላ ካለው የዐስር ሶላት ቀጥሎ ለእትዬ ዘይነብ አነብላታለሁ፤ በሌላው ቀን በስልክ።

"ንብ፣ ንብ፣ ንብ!" ትላለች። "እዚህ ተራራና ሲሚንቶ መሃል ንብ ምን ያደርግልኛል? የፍቅር መጽሐፍ የለሽም?"

"አለኝ፣ ግን ወፍራም ነው።"

"ኸላስ፣ ንቡን ቀጥይ።"

አማርኛ ማንበብ አለመቻሏ ጠቀመኝ። መጽሐፉን ነጥቃ ልታግዘኝ አትችልም፤ የምታውቀው እኔ ያልኩትን ብቻ ነው። በሁለተኛው ወር ግን የድሮ ልማዴ መጣብኝ። የመጀመሪያውን ፊደል ለይቼ የቀረውን በግምት እሞላ ጀመር። አንድ ቀን በጥሩ ድምፅ "ንብ አርቢው ንቦቹን በየሳምንቱ በንጹሕ ውሃ ማጠብ አለበት" ብዬ አነበብኩ።

እትዬ ዘይነብ አየችኝ። "ንቦቹን?"

"አዎ።"

"አንድ በአንድ ነው ወይስ በልብስ ማጠቢያ ማሽን?"

ሁለታችንም እስክናለቅስ ሳቅን። ከዚያ እሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ "ፋጢ፣ ማማን ያስተኛቸው ይሄው ነገር ነው" አለችኝ። ልክ ነበረች። ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ተመለስኩ፣ እያንዳንዱን ፊደል መዳፌ ላይ ጻፍኩ። የሚታጠበው ንቦቹ የሚጠጡበት ገበታ ነበር። ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መገመት ሲያምረኝ ጣቴን አነሳለሁ፣ እሷም ትጠብቃለች። በሦስተኛው ወር ግቤ ሦስት መስመር ሆነ፣ በአምስተኛው ግማሽ ገጽ። ያልተሳካባቸው ሳምንታትም ብዙ ነበሩ፤ ድካም ሲኖረኝ ፊደሉ ጨርሶ ይጠፋብኛል፣ ትናንት የለየሁትን ዛሬ እንደ አዲስ እማራለሁ፣ አንዳንዴም መጽሐፉን ወርውሬ ለሶላት ታጥቤ፣ ወዱእ አድርጌ፣ ተመልሼ አንስቼዋለሁ። በሰባተኛው ወር የንብ መጽሐፉን ጨረስኩ። እዚህ ከመጣሁ ከመጀመሪያ ገጹ እስከ መጨረሻው ያነበብኩት ብቸኛ መጽሐፍ እሱ ነው። በሚቀጥለው ዓርብ ከእትዬ ዘይነብ ጋር ኡምራ አደረግን፤ ቀኜን ስለማላይ በቀኜ በኩል ቆማ ሰው እንዳይገፋኝ እየጠበቀችኝ ካዕባን ዞርን።

አሁን አንድ ገጽ በሃያ ደቂቃ ገደማ አነባለሁ። የቀኝ ዕይታዬ አልተመለሰም። ሙስሐፌንም በቃሌ የማላውቀው ቦታ ላይ ከፍቼ በቀን ሁለት መስመር እየፈደልኩ እሄዳለሁ፤ ዐረብኛው ከቀኝ ስለሚጀምር የመስመሩን መነሻ ለማግኘት ካርዱን በጀማሪው በኩል አቆማለሁ። ከአማርኛው ይልቅ እሱ ይከብደኛል።

አልሐምዱሊላህ። ከአላህ ቀጥሎ እትዬ ዘይነብን፣ ያቺን ባለሙያ፣ ከሁሉ በላይ ማማን አመሰግናለሁ።

ይህ የደረሰባችሁም ያልደረሰባችሁም እህቶች ሆይ፣ ድንገት ማንበብ ቢያቅታችሁ ወይም የአንድ ወገን ዕይታችሁ ቢጠፋ መነጽር ቤት አትሂዱ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ፣ አፋችሁ ባይጣመምም እጅ እግራችሁ ባይሸመደመድም። ደም ማቅጠኛችሁን አታቋርጡ። የምታስታምሙ ደግሞ፣ ታማሚያችሁን በቃሉ በሚያውቀው አትፈትኑት፤ አይቶት የማያውቀውን ስጡት፣ ሲሳሳትም አትሙሉለት። ግባችሁን በመጽሐፍ አትቁጠሩ፣ በመስመር ቁጠሩት። ያላነበባችሁት ክምር ካላችሁም አትፈሩበት፣ የሚያስፈልጋችሁ ቀን ሊመጣ ይችላል።

ማንበብ ካልቻላችሁ ደግሞ "አልችልም" በሉ። እኔ ያንን ቃል ለማለት ከአርባ ቀን በላይ ዘገየሁ። የዘገየሁበትን ዋጋ የከፈሉት ማማ ናቸው።