ሰንጢዬን የወሰደ ዶሮዬን ይረድ

ትናንት ዳባት ገበያ... አሮጌ ቁልፍና ማጠፊያ የሚሸጥ ሰውዬ ከዘረጋው ማዳበሪያ ላይ ቀይ እጀታ ያላት ሰንጢ አየሁ። እጀታዋ ላይ ነጭ መስቀል አለባት። ፎቶዋን ከታች ለጥፌዋለሁ። ስለቷ ትንሽ ዝጓል፣ ቆርቆሮ መክፈቻዋ ግን አሁንም ቀጭ ብሎ ይከፈታል። ብቻዬን ስስቅ ሻጩ ግራ ገባው።

«እማማ፣ ሰንጢ ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል?» አለኝ።

ይሄን ጥያቄ መጀመሪያ የጠየቀኝ ሰው ሽጉጥ ታጥቆ ነበር።

ጊዜው ደርግ ነው። እኔ ደባርቅ የተመደብኩ ወጣት አስተማሪ ነኝ፤ ላጤ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምኖር። ያኔም ሰንጢ እሰበስብ ነበር። ድሮ ስሜን ተራራ የሚወጡ ፈረንጆች ለባለበቅሎዎቹ ሰንጢ ሰጥተው ይሄዱ ነበር። ጦርነቱ መጥቶ ፈረንጁ ሲቀር ባለበቅሎዎቹ ሰንጢያቸውን ገበያ ያወጡት ጀመር። የቀንድ እጀታ ያላት፣ ቡሽ መንቀያ ያላት፣ ከጣልያን ጊዜ የቀረች... ሳገኝ እገዛለሁ፣ ዘይት እቀባለሁ፣ ከፍቼ እዘጋለሁ። ለምን ካላችሁኝ ደስ ስለሚለኝ። ሌላ ምክንያት ያኔም አልነበረኝም።

ሁዳዴ ሊፈታ ሳምንት ሲቀረው ቀበሌያችን ቤት ለቤት የመሣሪያ ፍተሻ ጀመረ። አብዮት ጠባቂው ሞላ አልጋዬ ሥር ያለችውን ሣጥን ከፈተና ፊቱ በራ። ሰንጢዎቼን ጠራርጎ ወሰደ። አልበቃው ብሎ የሽንኩርት ቢላዬንም ጨመረበት።

በነጋታው ቀበሌ ተጠራሁ። ሊቀመንበሩ ሽጉጡን ወገቡ ላይ ሽጦ ቀይ እጀታ፣ ነጭ መስቀል ያላትን ሰንጢዬን ያገላብጣል።

«ሰንጢ ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል?»

«ምንም። እወዳቸዋለሁ።»

«ይሄ መስቀልስ የየትኛው ድርጅት ምልክት ነው?»

«የሠሪዎቹ አገር ባንዲራ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ይጣራል» አለና ሁሉንም መሳቢያው ውስጥ ቆለፈባቸው።

ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። በዚያ ዘመን ቀበሌ ገብቶ መውጣት በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ቤቴ ስደርስ ግን ፍርሃቱ ለቀቀኝና ንዴቱ ቀረ። ሰው አልገደልኩ፣ አልሰረቅኩ... የገዛ ዕቃዬን ነው የቀሙኝ።

ቅዳሜ ስዑር ደረሰ። ዶሮ ገዝቻለሁ፤ እንደምታውቁት በእኛ አገር ሴት አታርድም። ጎረቤቴ እትዬ ጥሩ «ባለቤቴ በእኛ ቢላ ይረድልሽ» ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ዶሮዬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ቀጥታ ወደ ቀበሌ።

ግቢው ጢም ብሏል። የበዓል ስኳር መጥቶ ሰዉ ኅብረት ሱቁ ደጃፍ ተሰልፏል። ሞላ በሩ ላይ አስቆመኝ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ዶሮ ነው።»

«ዶሮ መሆኑንማ አያለሁ።»

«ቢላዬም ሰንጢዬም እናንተ ዘንድ ነው። እንግዲህ የወሰደ ይረድልኝ።»

ከሰልፉ ሳቅ ተሰማ። ሊቀመንበሩ ሳቁን ሰምቶ ፊቱን አኮሳትሮ ወጣ። ሊያሳስረኝ ነው ብዬ ነበር... ዶሮውን ግን አልለቀቅኩም። ለሞላ ያልኩትን ለእሱም ደገምኩለት።

ይሄኔ ከሰልፉ አንዲት መነኩሲት ብቅ አሉ። የሊቀመንበሩ እናት ናቸው፤ እንደማንኛውም ሰው ለስኳር ተሰልፈው ነበር።

«እረድላት እንጂ ልጄ። ሁዳዴውን ሙሉ ጾማ በምን ትግደፍ?»

እናቱ ፊት ምን ይበል? ሞላን ልኮ የቀንድ እጀታ ያላትን ሰንጢ አስመጣ። ዶሮውን ተቀብሎ ክንፉን በጫማው ረገጠ። ስለቷን ወደ አንገቱ ሲያስጠጋ ምላሴን መያዝ አቃተኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሳይባረክ ከታረደማ አልበላውም።»

ሰውየው በየስብሰባው ሃይማኖት ማደንዘዣ ነው እያለ የሚያስተምረን ነው። ከአብዮቱ በፊት ደግሞ ዲያቆን ነበር። ደባርቅ ላይ ይሄን የማያውቅ አልነበረም፤ ደፍሮ የሚያነሳው ግን የለም።

እኔን አየ። እናቱን አየ። ከዚያ ዶሮውን ቀስ ብሎ ወደ ምሥራቅ አዞረው።

«በስመ አብ...» አለ ከጥርሱ ሥር። ቶሎ ብሎ ሊገላገል ነበር ያሰበው። አፉ ግን የለመደውን አልረሳም። «...ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ» ሲል ድምፁ ሞልቶ፣ ረጋ ብሎ፣ ቅዳሴ ላይ እንደቆመ ሰው ወጣ።

ሰልፉ በሙሉ «አሜን» አለ። ሞላም ሳይቀር።

እናቱ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። የእኔም ዓይን ውኃ ሞላ... ላለቅስለት እንኳ አልነበረም የመጣሁት።

ሊቀመንበሩ ሰንጢዋን ሣሩ ላይ ጠራርጎ አጠፋትና ሰጠኝ።

«በይ ሂጂ።»

«ሌሎቹስ?» አልኩት።

ዛሬ ሳስበው በድፍረቴ ራሴው እገረማለሁ። አፍጥጦ አየኝና ሞላን በአገጩ ጠቆመው። ሞላ በከረጢት ይዟቸው መጣ። እዚያው ሰው ፊት ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አየኋቸው። የሽንኩርት ቢላዬም አለ። ቀይዋ ግን የለችም።

«ባለመስቀሏስ?»

እጁ ወደ ኮት ኪሱ ገባ። ይዟት ይወጣል ብዬ ጠበቅኩ... እጁ እዚያው ቀረ።

«እሷ ገና ትጣራለች» አለና ወደ ቢሮው ተመለሰ።

ገባኝ። እሷን ተውኩለት።

ለትናንቱ ሻጭም ያንኑ የድሮውን መልስ ሰጠሁት፤ «ምንም። እወዳታለሁ።» ከፈልኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት።

የመጀመሪያዋ ማጣራት እስከ ዛሬ አላለቀም፤ ይቺኛዋን ግን ለማንም አጣሪ አልሰጥም።