ከቀርከሃው ወይስ ከውኃው

ወንዝ የሚፈራው በክረምት ነው ይባላል። እንቁ ግን ዘንድሮ የፈራችው በግንቦት፣ ውኃው ከድንጋይ ድንጋይ እየተንፏቀቀ በሚሄድበት በደረቁ ወራት ነው።

ማሳዋ ከዳንግላ በጋሪ ተሂዶ፣ ጋሪ የማይደፍረውን ቁልቁለት ደግሞ በእግር ተወርዶ የሚደረስበት ነው። ባሏ ይኸነው ካረፈ ወዲህ የምታሳርሰው ለእኩል ሰጥታ ነው፤ ቢሆንም ዳጉሳዋም በቆሎዋም፣ ሁለት ሴቶች ልጆቿን የዳረችበትም ከዚያው የወጣ ነው። ሌላ መሬት የላትም።

ካቻምና በነሐሴ፣ ዝናቡ አላባራ ባለበት ሳምንት፣ ወንዙ በማዶኛው በአያ አሳምነው ማሳ ግርጌ ይሄድበት የነበረውን አሮጌ መውረጃ ትቶ በእንቁ እርሻ ላይ ሰተት ብሎ ገባ። ውኃው ሲጎድል ከማሳዋ ሲሶው የድንጋይና የአሸዋ አልጋ ሆኖ ቀረ። ጭቃው ውስጥ ቆማ ወንዙን በአገውኛ ረገመችው። ወዲያው ደግሞ ደነገጠችና ይቅርታ ጠየቀችው፤ ወንዝ ቂም ይይዛል ሲባል ሰምታ ነበርና።

የቀረው እንዳይሄድባት የአባቷን አገር ብልሃት አሰበች። እንጅባራ ዙሪያ፣ ወንድሟ በሚኖርበት ደጋ፣ ቀርከሃ የሌለበት ጓሮ የለም። አባቷም ቀርከሃ የቆመበት መሬት ባለቤት አለው፣ ማንም እጁን አይሰድበትም ይሉ ነበር። ስለዚህ የቀርከሃ ሥር በሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭና ዳንግላ አወረደች፤ ከዚያ በጋሪ አመጣችው። አፋፉ እየተናደ ስለነበር ከውኃው ወደኋላ ራቅ ብላ፣ በተረፈው ማሳዋ ወገብ ላይ ደርድራ ተከለችው። አሳምነው ከማዶ ሆኖ እርፉን ተደግፎ ሳቀ።

«እንቁ፣ ወንዝ ልታጥሪ ነው?»

«አዎን፣ እንደ ላም ማሳዬ እየገባ አስቸገረኛ» አለችው።

ቀርከሃው ጸደቀ። ፍርሃቷም ጋብ ብሎላት ነበር፤ የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሀብቱ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ዛፍ ሥር እስኪሰበስብ ድረስ። አዲሱ ልኬታ ወደ እነርሱ መንደር መድረሱን ነገራቸው። ውኃ የተኛበት መሬት፣ የማንም አባት ያወረሰው ቢሆን፣ የመንግሥት ነው፤ ከዳርቻውም ተለክቶ ለወንዙ የሚተው መሬት አለ ሲል አከለ። አንዱ ተነሥቶ ወንዙ ቦታውን ከለወጠስ ሲል ጠየቀ።

«መንግሥትም አብሮት ይሄዳላ» አለ ሀብቱ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እንቁ አልሳቀችም። ሀብቱ ቀጠለ፤ በታችኛው ቀበሌ የወንዙን ዳር ቀርከሃ ያስተከለው ራሱ መንግሥት ስለሆነ፣ ልኬታው የተነሣው ከውኃው ሳይሆን ከቀርከሃው ነው። እዚህም ቀርከሃ ካለ እንደዚያው ይሆናል።

እንቁ በልቧ አሰላችው። ለወንዙ የሚተወው ከቀርከሃው ከተቆጠረ የሚተርፋት አንድ አውድማ ቢሞላ ነው። መሬቴን ይጠብቅልኛል ብላ የተከለችው ነገር መሬቷን አሳልፎ ሊሰጥ ቆሟል፤ የተከለችውም በገዛ እጇ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሞተር ብስክሌት ድምፅ ከዳገቱ በተሰማ ቁጥር የያዘችው ነገር ከእጇ ይወድቅ ጀመር። ለኪዎቹ የሚመጡት በሞተር ነው ተብሎ ነበር። ጎረቤት ሲያናግራት የምትመልሰው ከጥያቄው ጋር የማይገጥም ሆነ።

ለኪዎቹ ይመጣሉ የተባለበት ዕለት ጠዋት ዶማ ይዛ ወረደች። ቀርከሃ ከሌለ የሚቆጠርበት የለም። የመጀመሪያውን ሥር ስትመታ መሬቱ እንደ ከበሮ መለሰላት። ደግማ መታችው። ከአፋፉ በኩል ቀጭን ስንጥቅ ሣር ለሣር ወደ እሷ እየሮጠ መጣ፤ በውኃው ዳር ያለው የአፋፉ ጠርዝም አንድ ጊዜ ዘንበል አለና ከነሣሩ ወደ ወንዙ ወረደ። ስንጥቁ ቀርከሃው ሥር ሲደርስ ቆመ። ያቆመው ሌላ ነገር አልነበረም፤ ሥሩ ነው።

እንቁ ዶማውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ብትነቅለው ወንዙ ይወስድባታል፤ ብትተወው መንግሥት። ዶማውን ጥላ ተቀመጠች።

አሳምነው ናዳውን ሰምቶ መጣ። በማዶው ዳር ቆሞ አያት፤ ይህን ጊዜ ቀልድ አልወጣውም።

«አያ አሳምነው፣» አለችው፣ «እኔ እንደተከልኩት፣ በእርሻዬም ላይ እንደሆነ አይተሃል። ትመሰክርልኛለህ?»

አሳምነው ዞር አለ። ዐይኑ በገዛ ማሳው ግርጌ ወዳለው፣ ውኃው ከለቀቀው ወዲህ ዳጉሳ ወደሚዘራበት አሮጌ መውረጃ ሄደ። እንቁ ገባት። ወንዙ መጤ እንደሆነ የሚመሰክር ሰው ውኃው ከየት እንደመጣም መናገሩ አይቀርም።

ሞተሩ ሲመጣ ፀሐይ ከፍ ብላ ነበር። ለኪዋ ቤዛዊት የምትባል ወጣት ናት፤ መሣሪያዋን በትከሻዋ አንግታ፣ ሀብቱን ከኋላ አስከትላ ወረደች። ቀጥታ ወደ ቀርከሃው ሄዳ እግሯን አጠገቡ ተከለች።

«እማማ፣ ዳርቻው ይህ ነው?»

እንቁ ከተቀመጠችበት ተነሣች። «አይደለም፣ ልጄ» አለች። «እርሻዬ ነው። ቀርከሃውን እኔ ነኝ የተከልኩት።»

ሀብቱ «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለና ወደ ማዶ ተጣራ፤ እንደ አገሩ ልማድ የድንበር ምስክር በደብሩ ታቦት ስም ነው የሚናገረው። «አሳምነው፣ በሚካኤል ስም ያየኸውን ተናገር።»

አሳምነው ባርኔጣውን አወለቀ። በድንበር በሐሰት የማለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ከልጅነቱ ሲሰማ ኖሯል።

«የተከለችው እሷ ናት» አለ። «በጋሪ ነው ያመጣችው። ስቄባታለሁ።»

«ታዲያ ወንዙ ድሮ በየት ነበር የሚሄደው?» አለች ቤዛዊት።

አሳምነው ዞሮ የገዛ እርሻውን በአገጩ አመለከተ። «በዚህ።»

ቤዛዊት ሁለቱንም ወገን ለካች። አሮጌው መውረጃ ዳጉሳ ቢዘራበትም የወንዝ አልጋ፣ የመንግሥት ነው አለች፤ በእንቁ በኩል ግን ቀርከሃው የግል ተክል ስለሆነ ልኬታው ከውኃው ይነሣል። ለወንዙ የሚተወው ቀርከሃው ሥር ደርሶ አለቀ።

«ቀርከሃው የእርስዎ ነው፣ እማማ» አለቻት።

እንቁ የጠበቀችው እፎይታ አልመጣላትም። «ዘንድሮስ ውኃው ቢጠጋ፣ ልጄ?»

ቤዛዊት መሣሪያዋን እያጠፈች ቀና ብላ አላየቻትም። «ያን ጊዜ እንደገና ከውኃው እንለካለን።»

ሞተሩ ዳገቱን ሲጨርስ ከእንጅባራ ደጋ በላይ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። አንድ ጊዜ አጉረመረመ። አሳምነው አሁንም በማዶ ቆሟል፤ ባርኔጣውን አልመለሰም።

«እንቁ፣» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንዙ ወዲህ የተመለሰ እንደሆነ እኔ ምን ይዤ አስቆመዋለሁ? ከቀርከሃው ሥር ቁራጭ ስጪኝ።»

ጠዋት ልትነቅልበት ያመጣችውን ዶማ አነሣች። ከስንጥቁ ርቃ፣ በረድፉ ዳር በኩል፣ በቀስታ መቆፈር ጀመረች። በእያንዳንዱ ምት መካከል ቆም እያለች ታዳምጣለች። ከታች፣ ከአፋፉ ሥር፣ አፈር በጭብጥ በጭብጥ ውኃው ውስጥ ይወድቃል።