ጋሼ ውሃልክ ጀልባ ሲያድሱ

በሰፈራችን እንጨት ደረቀ ቢሏቸው የማያምኑ ሰው ቢኖሩ ጋሼ ውሃልክ ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው። ጠረጴዛ ሠርተው ሲያስረክቡ ያቺን ውስጧ አረፋ ያለባትን መለኪያ፣ ውሃልኳን፣ ላዩ ላይ ያስቀምጡና አረፋዋ መሃል ላይ እስክትቆም ጎንበስ ብለው ያያሉ። ካልቆመች ጥፋቱ የወለሉ ነው። አንድ ጊዜ ደንበኛቸው ወለሉን አፍርሶ እንደገና እንዲያሠራ መክረው፣ እስከዚያው ጠረጴዛውን ተሸክመው ተመልሰዋል ይባላል። እሳቸውም አይክዱም።

አናጢነት ላይ አርባ ዓመት ቆይተዋል። በነዚህ አርባ ዓመታት ትልቁ ጠላታቸው ውሃ ነበር። ሰው ቤት በእንግድነት ሄደው እርጥብ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ካዩ ወሬያቸውን አቋርጠው በመሐረባቸው ይጠርጋሉ። ጠረጴዛው የሌላ አናጢ ሥራ ቢሆንም ይጠርጋሉ፤ ያን ጊዜ ግን ከንፈራቸውን እየመጠጡ ነው።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው ጀልባ አድሳለሁ ብለው የተነሡት።

ጀልባዋ የባለቤታቸው ታላቅ ወንድም ንብረት ናት። ወንድምየው ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ ከአፋቸው ቃል ስለማይወጣ አባ ዝምታ ይባላሉ። ጉልበታቸው አልታጠፍ ካለ ወዲህ ጀልባዋ ሐይቁ ዳር ተደፍታ አራት ዓመት ከረመች። በኋላ አንድ የሆቴል ባለቤት መጣና ደጃፉ ላይ አስቀምጦ፣ አፈር ሞልቶ አበባ ሊተክልባት ጠየቃቸው። አባ ዝምታ «ይሁን» አሉ። በማግስቱ እህታቸው ቤት ለምሳ መጥተው ሁለቴ ቀመስ አደረጉና ሳህኑን ገፉት።

«ሆድህን አሞህ ነው፣ ወንድም ጋሼ?» አሉ እህትየዋ፣ የጋሼ ባለቤት እትዬ።

«ደህና ነኝ።»

እትዬ ጨው በዝቶ ይሆን እያሉ ድስቱን ሊያዩ ሄዱ። ለጋሼ ውሃልክ ግን ነገሩ ወዲያው ገባቸው። የአባ ዝምታ አባት ከሞቱ በኋላ አምስት ታናናሾቻቸው ያደጉት ከዚያች ጀልባ በወጣ ዓሣ ነው። ከአምስቱ አንዷ ደግሞ አሁን ድስት ከፍተው የሚያሸቱት የገዛ ሚስታቸው ናቸው።

«ሁለት ወር ይስጡኝ» አሉ ጋሼ። «አድሼ ውሃ ላይ አቆማታለሁ።»

አባ ዝምታ ወደ ጋሼ ዞሩ። «ከተንሳፈፈች ትቀራለች። ካልተንሳፈፈች ለአበባው።»

ይህ ለእሳቸው ንግግር ማድረግ ነው። የሆቴሉም ሰው ሁለት ወር ሊታገሥ ተስማማ፤ ቀኑም ሁለት ወሩ ለሚሞላበት ቅዳሜ ተቆረጠ።

ጀልባዋ የጋሼ ግቢ ገባች። ስትገባም የልብስ ማስጫውን ገመድ በጥሳ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ልብሱን የት ላስጣው?» አሉ እትዬ።

«ጎረቤት አስጪው።»

«አንተንም አንድ ላይ ጎረቤት ባሰጣሁህ፤ እስክትደርቅ ባርፍ።»

ጋሼ አልሰሙም። በሳንቃዎቹ መገጣጠሚያ ውስጥ ሬንጅ የጠገበ የገመድ ቃጫ ተወትፎ አገኙና ተናደዋል። «ይሄ ሥራ ነው? ይሄ እኮ ቁስል ነው» እያሉ ሦስት ቀን ሙሉ በመሮ ጎለጎሉት። ሳንቃዎቹን ፀሐይ ላይ አደረቁ፤ እንደገና አደረቁ። ከዚያ ለምግብ ጠረጴዛ እንደሚያደርጉት ሰጋቱራ በኮላ ለውሰው ክፍተቱን ሁሉ ሞሉት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት፣ ሦስት እጅ ቫርኒሽ ቀቡት። ጀልባዋ ፊት የሚያሳይ መስታወት መሰለች። አንድ ወፍ መጥታ ካረፈች በኋላ አንሸራትቷት ስትወርድ ዓይናችን አይቷል።

ማደሱ ብቻ ግን አልበቃቸውም፤ ያሻሽሏትም ጀመር። ጉልበታቸው ለማይታጠፍ ሰው ተብሎ መቀመጫው እንደ ወንበር ከፍ አለ፣ መደገፊያም ወጣለት። ይህን ማንም አልተቃወመም። ከመቀመጫው ሥር ግን ስድስት መሳቢያ ተሠራ። ከመሳቢያዎቹ ቀጥሎ ሁለት በር ያለው ትንሽ ቁም ሳጥን መጣ፤ እጀታውም የሚያብረቀርቅ ነው።

«ዓሣው በየትኛው መሳቢያ ነው የሚገባው?» አሉ እትዬ።

«ትንንሹ ከላይ።»

«ካልሲውስ?»

«አንቺ ቀልጂ።»

«እኔስ አልቀልድም። ላንተ ሲድሩኝ እንዲህ ያለ ቁም ሳጥን አልሠራህልኝም። ዓሣ ሆኜ ባገባህ ይሻለኝ ነበር።»

አባ ዝምታ በሁለቱ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ መጡ። ሲመጡ ዱላቸውን ያስደግፉና በአውራ ጣታቸው መገጣጠሚያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዳብሳሉ። አፋቸውን ከፈት ያደርጋሉ፣ ይዘጋሉ። ሻያቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ። ጋሼ ይህን እንደ አድናቆት ቆጠሩት።

ቅዳሜ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀር፣ ሰኞ ዕለት፣ ጀልባዋ በአንድ የሰፈራችን አትክልት ነጋዴ ጭነት መኪና ለሙከራ ሐይቅ ወረደች። ስምንት ሆነን ተሸክመን ውሃው ላይ አኖርናት። ጋሼ ውሃልካቸውን መቀመጫው ላይ አስቀመጡ። አረፋዋ መሃል ላይ ቆመች። «አያችሁ?» አሉ።

አረፋዋ ወደ ግራ ሄደች።

ከዚያ ውሃው በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ገባ። የተለወሰው ሰጋቱራ ሻይ ውስጥ እንደወደቀ ብስኩት እየተቆረሰ ወጣ። ጀልባዋ ቀስ ብላ፣ በክብር፣ እስከ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ተቀመጠች። ከስድስቱ መሳቢያ ሦስቱ ወጥተው እንደ ዳክዬ ተከታትለው ተንሳፈፉ። እትዬ ልብሳቸውን ሰብስበው ገብተው እየለቀሙ፣ «በሉ፣ የሚንሳፈፈውስ ተገኝቷል» አሉ።

ጋሼ አልሳቁም። ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው እንደራሰ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ዳር ላይ በዱላቸው ተደግፈው የቆሙትን አባ ዝምታን ቀና ብለው ሊያዩ አልቻሉም። አባ ዝምታም የጀልባዋን አፍንጫ እንጂ ሌላ የሚያዩት የለም። የሚቀረው አምስት ቀን ነው፤ ከዚያ አፈር ይሞላባታል።

«ውሃ ጠጥታ ነበር?» አሉ አባ ዝምታ በመጨረሻ።

«ማን?»

«ጀልባዋ። የደረቀ እንጨት ይኮማተራል፤ ይሳሳል። ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ይገጥማል። ለዚህ ነው ገመዱ። ለስላሳ ነው፣ እንጨቱ ሲያብጥ ቦታ ይለቅለታል።» ዱላቸውን ወደ ጀልባዋ ጠቆም አደረጉና ጨመሩ። «መጀመሪያ ታሰጥማታለህ። ሁለት ቀን። ከዚያ ትንሳፈፋለች።»

እትዬ መሳቢያውን እንዳቀፉ ወደ ወንድማቸው ዞሩ። «ይህን እያወቅህ ነው ሦስት ጊዜ መጥተህ ሻይ ጠጥተህ የሄድከው? ለምን አልነገርከውም?»

«አልጠየቀኝም።»

«አንተስ ለምን አልጠየቅህም?» አሉ ወደ ባላቸው ዞረው።

«አናጢ ነኝ እኮ» አሉ ጋሼ፤ ድምፃቸው ከወትሮው አነሰ። «አናጢ ሄዶ ዓሣ አጥማጅን ስለ እንጨት ይጠይቃል?»

«ጎሽ» አሉ እትዬ። «አንዱ አይናገር፣ አንዱ አይጠይቅ። ሁለታችሁንም እዚያው ሆቴል ደጃፍ መትከል ነበር።»

ማክሰኞና ረቡዕ ሁለቱ ሰዎች ሐይቁ ዳር ጎን ለጎን ዋሉ። አባ ዝምታ ተቀምጠው የአሮጌ መረብ ገመድ ይፈትላሉ፣ ሬንጅ ውስጥ ይነክራሉ፤ ጋሼ ተንበርክከው ይወትፋሉ። የወጡትንም መሳቢያዎች ወደ ቦታቸው መልሰዋል። ሰው ሲያልፍ ጋሼ በጀርባቸው ይከልሉታል፤ እንዲህ ያለ ሥራ በእሳቸው እጅ ሲሠራ እንዳይታይ ነው። አጥብቀው ሲመቱት አባ ዝምታ «ቀስ» ይላሉ። አለሳልሰው ሊጨርሱት ብርጭቆ ወረቀት ሲያወጡ ደግሞ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ ወረቀቱን ይቀበላሉ፣ ኪሳቸው ይከቱታል።

ሐሙስ ጠዋት ማስጠሙ መጣ። ድንጋይ ጭነው ጀልባዋን ውሃ ውስጥ መቅበር ነበረባቸው። ጋሼ የመጀመሪያውን ድንጋይ አንሥተው ቆሙ። ቆዩ። ቫርኒሹ እንዳይጫር ድንጋዩን በመሐረባቸው ጠቅልለው አስቀመጡት።

«ለእያንዳንዱ ድንጋይ መሐረብ ልታለብስ ነው?» አሉ አባ ዝምታ።

ሁለተኛውን ሳይጠቀልሉ አስቀመጡ። ስድስተኛው ላይ ውሃው በጠርዙ ዘልቆ ገባ፤ ጋሼም ፊታቸውን አዞሩ። ያን ዕለትና ዓርብ ምግብ አልበላ አላቸው። እትዬ ሳህኑን እያነሡ፣ «ደግሞ ይሄኛው ጀመረው» አሉ።

ቅዳሜ የሆቴሉ ሰው አትክልተኛውን አስከትሎ ደረሰ። አትክልተኛው ቀይ አበባ የያዘ ቆርቆሮ ታቅፏል። እኛ ገብተን ድንጋዩን አወጣን፣ ውሃውን በባልዲ ቀዳን። ጀልባዋ መጀመሪያ አንዴ ተንገዳገደች፣ ከዚያ በራሷ ተነሥታ ቆመች። እስኪ እንይ ብለን ሁላችንም ጎንበስ አልን። ውስጧ አልሞላም። ታች አንድ ጣት የማይሞላ ውሃ አለ፤ አልጨመረም።

ጋሼ ውሃልካቸውን አላወጡም። እጃቸውን ለአባ ዝምታ ሰጡና ደግፈው አስገቧቸው። አባ ዝምታ ከፍ ባለው መቀመጫ ላይ ጉልበታቸውን ዘርግተው ተደላደሉ፣ መቅዘፊያውን ያዙ፣ ሳይሰናበቱ ሄዱ።

ግማሽ ሰዓት አለፈ። የሆቴሉ ሰው ሰዓቱን አየ። «መቼ ነው የሚመለሱት?»

«እኔ የማውቀው እንጨቱን ነው» አሉ ጋሼ፣ ከሰኞ ወዲህ በዚያም እርግጠኛ ባይሆኑም።

አትክልተኛው ቆርቆሮውን መሬት አስቀመጠ። ቆይቶ አነሣውና ጌታውን ተከትሎ ሄደ።

አባ ዝምታ የተመለሱት ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ነው። ገና ወደ ዳር ሳይጠጉ መናገር ጀመሩ። ወደ ቀኝ ትስባለች። መደገፊያው ክርን ይነካል። ቫርኒሹ ያንሸራትታል፣ ይፋቅ። ጋሼ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ አውርደው የሚሉትን ሁሉ በጣውላ ቁራጭ ላይ ይጽፉ ነበር፤ እንዲህ ያለ ወቀሳ ከሌላ ሰው ቢመጣ ጠረጴዛቸውን ይዘው በሄዱ።

«መሳቢያውም አይከፈትም» አሉ አባ ዝምታ። «አንዱም አይከፈትም።»

«አብጦ ነው። ትንሽ ቀን ወጥታ ትድረቅና ይከፈታል።»

«አትደርቅም» አሉ አባ ዝምታ። «ነገም እወጣለሁ።»